የወደብ ደጅ ጥናት

ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ መርሳ ትገኛለች፤ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ። ማንጎና ፓፓያ የሚጫንባት፣ የጊራናና የሊብሶ ሰው ለገበያ የሚወርድባት፣ ሙቀት የማያጣት ከተማ ናት። ባሕር የላትም። ዓረብኛ የቀራ ሰው ግን ስሟን ሲሰማ ፈገግ ሊል ይችላል፤ በዓረብኛ «መርሳ» መርከብ መልሕቁን የሚጥልበት ቦታ ነውና። በግብፅ የሜዲትራኒያን ጠረፍ መርሳ መጥሩህ አለች፤ በአልጄሪያ መርስ ኤልከቢር። የእኛዋ መርሳ ስሟን ከዚያ አመጣች ብዬ አልሟገትም። ግጥምጥሙ ብቻ ደስ ይለኛል። መርከብ አይታ የማታውቅ ከተማ ወደብ ተብላ መጠራቷ፣ ይህን ያህል ልጅ ወደ ባሕር ማዶ ስለምትሸኝ ጭምር፣ ጨርሶ ያልተገባት አይመስለኝም።

የየጁ፣ የላስታና የአምባሰል ሰው፣ ሰፋ ሲልም የደጋው ሰው፣ የሜዲትራኒያንን ጥንታዊ ወደቦች መቼና እንዴት አያቸው? ዛሬ ሰው ወደ እነዚህ ከተሞች የሚሄደው ለሽርሽር ነው፤ ግንቡን ሊያይ፣ ዓሣ ሊበላ፣ ፎቶ ሊነሳ። የእኛ ሰዎች ታሪክ ከዚህ ይለያል። እነሱ ወደብ ላይ የተገኙት ደጅ ሲጠኑ ነው፤ ነፋስ ሲጠብቁ፣ ጳጳስ ሲጠብቁ፣ መርከብ ሲጠብቁ፣ ፍርድ ሲጠብቁ። ከተማውን ያዩትም በዚያ መጠበቅ መሐል ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም፣ ዛሬ ሊባኖስ በምንለው ጠረፍ ላይ ካለችው ከጢሮስ፣ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ወደ «ህንድ» ጉዞ ወጣ። በዚያ ዘመን ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ህንድ ይባል ነበር፤ የእኛም አገር ጭምር። ሰውየው ነጋዴ አልነበረም። ሜትሮዶሮስ የተባለ ሌላ ፈላስፋ ዓለምን ለማየት ብሎ አገር ላገር ዞሮ መመለሱን ሰምቶ ቀንቶ ነው የተነሳው። የሚያስተምራቸውን ሁለት ልጆች፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ አስከትሏል። እንግዲህ በዛሬው ቋንቋ እነዚህ ቱሪስቶች ናቸው።

መርከባቸው ውኃ ለመቅዳት ቀይ ባሕር ዳር ጎራ ሲል የጠረፉ ሰዎች ከሮም ጋር ተጣልተው ኖሮ አደጋ ጣሉበት፤ ፈላስፋውም መርከበኞቹም አለቁ። ልጆቹን ያገኟቸው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነው። አዘኑላቸውና ለአክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ አእምሮው ብሩህ ነበርና መዝገብና ሒሳብ ያዘ። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ወጥተው ነበር፤ ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ እንዲቆዩላት ለመነች፤ ቆዩ። ለጉብኝት የወጡ ልጆች በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ በአገልጋይነት ወጣትነታቸውን ጨረሱ።

በመጨረሻ ሲሰናበቱ ኤዴስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሰገሰ። ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ አትናቴዎስን «ለዚያ አገር ጳጳስ ስጥ» ቢለው፣ ራሱን ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱ ነው። ይህን ሁሉ የጻፈልን ሩፊኖስ ነው፤ ከኤዴስዮስ አንደበት፣ ጢሮስ ላይ ቄስ ሆኖ ከሚኖረው ሰው፣ ሰማሁ ይላል። ጢሮስን አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ በኋላ ለ1,600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምታገኘው ከእስክንድርያው መንበር ሆነ። መንበሩ በ11ኛው መቶ ዓመት ወደ ካይሮ ቢዛወርም ስሙ የእስክንድርያ እንደሆነ ቀረ። አንድ ጳጳስ ሲሞት መልእክተኛ ይላካል፤ ወርቅና ብር ይላካል፤ ከዚያ ይጠበቃል። አንዳንዴ ዓመታት። በሕዝባችን አእምሮ ውስጥ «እስክንድርያ» ማለት ከተማ ሳትሆን ደጅ የሚጠናባት በር ነበረች።

ወልዲያ ዛሬ የላሊበላ መንገድ መገንጠያ ናት፤ ወደ ላስታ የሚወጣ እንግዳ አብዛኛው በእሷ ያልፋል። የላስታ ሰዎች ስለ ንጉሥ ላሊበላ የሚሉትም ከዚሁ ከባሕሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ኢየሩሳሌም በ1187 በሳላሃዲን እጅ ስትወድቅ፣ መንገዱ አድካሚ ሲሆን፣ አገሬው እዚሁ እንዲሳለም ዮርዳኖስንና ጎለጎታን በቋጥኝ ውስጥ አኖረለት። ባሕሩን መሻገር ላልቻለ ባሕሩ ማዶ ያለውን ማምጣት፤ ይህም አንድ መላ ነው።

መሻገር የቻሉት ደግሞ በ1306 ጄኖዋ ላይ ይታያሉ። በዐፄ ውድም ረዓድ ዘመን መሆኑ ነው። ሠላሳ ያህል የኢትዮጵያ መልእክተኞች ወደ እስፔን ነገሥታትና ወደ ሮም ጳጳስ ሄደው ሲመለሱ፣ ጄኖዋ ወደብ ላይ ለመርከባቸው የሚስማማ ነፋስ እስኪነሳ ተቀመጡ። በወደቡ አጠገብ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ ካርታ ሠሪ ነበር፤ ካርታ ሠሪ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ሰው ሲያገኝ አይለቅም። ስለ አገራቸው፣ ስለ ሃይማኖታቸው፣ ስለ ሥርዓታቸው ጠይቆ ጻፈ። የእሱ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የደረሰን በ1483 ሌላ መነኩሴ በታሪክ መጽሐፉ ያሳጠረው ነው። ማሳጠሩም ነገር አላጣም፤ ጳጳሱን አቪኞን ላይ አገኟቸው ይላል፣ ጳጳሱ አቪኞን የከተሙት ግን በ1309 ነው። ስለዚህ ነገሩን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ፤ ሰዎቹ ጭራሽ ኢትዮጵያውያን አልነበሩም የሚሉም አሉ።

ጥርጣሬውን አከብራለሁ። እኔን የሚይዘኝ ግን የነፋሱ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች ጉዳያቸውን ጨርሰዋል፤ የሚሠሩት የለም። ምሰሶ ከምሰሶ የሚጋጭበት ወደብ፣ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ የለበሱ አብያተ ክርስቲያናት፣ የዓሣ ሽታ፣ የማይገባቸው ጩኸት። እንግዲህ ወደብ ላይ ሥራ የፈታ ሰው ምን ያደርጋል? ይዞራል፤ ያያል። የመጀመሪያውን የኢትዮጵያውያን የሜዲትራኒያን ጉብኝት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ነፋስ አልነሳ ባለባቸው በእነዚያ ቀናት ቢፈልገው ይሻላል።

ቬኒስ ላይ የሆነው ጥርጣሬ የለበትም። በሰኔ 1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች አንቶኒዮ ባርቶሊ በሚባል የፍሎረንስ ሰው መሪነት ቬኒስ ገቡ። ነብሮች ይዘዋል። ከየጁና ከአምባሰል ቆላ ወይስ ከየት እንደተያዙ ማን ይጠይቃቸዋል፤ ብቻ ያን ሁሉ በረሃና ሁለት ባሕር አልፈው በጎንዶላ ከተማ መድረሳቸው ራሱ ተአምር ነው። የንጉሡ ፍላጎት ጠመንጃ አልነበረም። ንዋየ ቅድሳትና ባለ እጅ ነበር፤ ሠዓሊ፣ አናጢ፣ ግንበኛ። ቬኒስም ሰጠች። የስጦታው ዝርዝር በግዕዝ ተጽፎ ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ከውስጡ የጌታችን መስቀል ክፋይ አለበት።

እዚህ ላይ የወሎ ሰው ጆሮውን ይቀስራል። ግሸን ማርያም ከመርሳ ሩቅ አይደለችም፤ በአምባሰል አምባ ላይ፣ መስቀለኛ በሆነው ተራራ። በየዓመቱ መስከረም 21 ሕዝብ የሚጎርፍባት ግማደ መስቀሉ በዚያ አለ ተብሎ ነው። የግሸን ትውፊት መስቀሉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከእስክንድርያ በኩል መጣ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በአምባው አኖረው ይላል። የቬኒሱ ዝርዝርም በዳዊት ዘመን የመጣ መስቀል ይናገራል። ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ መደምደም የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራ ነው፤ አንድ ዘመን፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ባሕር መሆናቸው ግን ለእኔ ይበቃኛል። ግሸን የሚወጣ ተሳላሚ ከእግሩ ሥር የሜዲትራኒያን ውኃ ይሰማው ዘንድ ይገባል፤ የሚሰማው ግን አቀበቱ ነው።

የዳዊት ልጅ ዐፄ ይስሐቅም በ1427 ቫሌንሲያ ላይ መልእክተኞች ላከ፤ ከአራጎን ንጉሥ አልፎንሶ ጋር ለመጋባት የታሰበበት መልእክት ነው። አልፎንሶ በምላሹ አሥራ ሦስት ባለ እጆች ላከ፤ አንዱም አልደረሰ፣ መንገድ ላይ አለቁ። ጋብቻውም ቀረ።

በ1520 ደግሞ አቅጣጫው ተገለበጠ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ ገብተው ወደ ደቡብ ሲወርዱ ያኔ አንጎት በሚባለው፣ ዛሬ የሰሜን ወሎ በሆነው አገር አለፉ። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላሊበላን አይቶ ጻፈ፤ የሐይቅንም ባሕር አይቶ ጻፈ። ስለ ላሊበላ ከጻፈ በኋላ የሚያነበው ሰው አያምነኝም ብሎ መጻፍ መሰልቸቱ፣ እውነት ስለመሆኑም በእግዚአብሔር መማሉ የታወቀ ነው። እሱም ደጅ ጠንቷል፤ ስድስት ዓመት ያህል ወደ አገሩ የሚመልሰው መርከብ አላገኘም። ስለዚህ ከማንም ይልቅ ብዙ ያየው እሱ ነው።

አሁን ወደ የጁ ቤት እንግባ። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ጎንደርን በእንደራሴነት የገዙት ራሶች ከዚሁ ከየጁ የወጡ ናቸው፤ የመጨረሻው ራስ ዓሊ አሉላ በደብረ ታቦር ተቀምጦ ሲገዛ፣ በሰሜንና በትግሬ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይቀናቀነው ነበር። አገሩ ለዓመታት ያለ ጳጳስ ቆይቷል። ጳጳስ ያስመጣ ሰው ደግሞ የሚቀባና የሚያወግዝ ሰው በእጁ አገባ ማለት ነው። በ1841 ውቤ ቀደመ። መልእክተኞቹን ከካቶሊኩ ካህን ከጁስቲኖ ዴ ያቆቢስ ጋር ወደ ግብፅ ላከ፤ ሰውየውን የእኛ ሰዎች አባ ያዕቆብ ይሉታል።

የአባ ያዕቆብ ነገር ግን የተወሳሰበ ነው። ለኦርቶዶክስ ጳጳስ ወደ ግብፅ የሄደን መልእክተኛ የሮም ካቶሊክ ይዞት ሲሄድ አስቡት። እሱ በልቡ ያሰበው ሌላ ነበር። ካይሮ ላይ አቡነ ሰላማ ከተሾሙ በኋላ ከመልእክተኞቹ የፈቀዱትን ይዞ ሜዲትራኒያንን ተሻገረ፤ ሮም ወስዶ ከጳጳስ ጎርጎርዮስ 16ኛ ጋር አገናኛቸው፤ ናፖሊንም፣ የራሱን አገር፣ አሳያቸው፤ በኢየሩሳሌም በኩል መለሳቸው። ይህ ጉዞ አስጎብኚ ያለው ጉብኝት ነው፤ አስጎብኚውም እንደ ሁሉም አስጎብኚ የሚሸጠው ነገር ነበረው። ከተጓዦቹ አንዱ የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ በኋላ ካቶሊክ ሆነው በ1855 በእስር ላይ ሞቱ።

ውቤ ጳጳሱን ይዞ ዝም አላለም፤ በየካቲት 1842 ደብረ ታቦር ላይ ራስ ዓሊን ገጠመ። ድሉም የእሱ ሆነ። ዓሊ ሸሸ፤ ውቤ ድንኳን ገብቶ ድሉን እየጠጣ ሳለ የየጁው ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ከነጠጁ ያዘው። ከእስክንድርያ መንበር የመጡት አዲሱ ጳጳስም በየጁዎች እጅ ወደቁ። ያን ሁሉ ብር፣ ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ፣ ያን ሁሉ ደጅ ጥናት አንድ ማታ ሻረው። የጁ ባሕሩን ሳያቋርጥ ባሕሩ ያመጣውን ወሰደ።

የጳጳሱ መንገድ የመኳንንት ነበር፤ የድሃው መንገድ የኢየሩሳሌም ነበር። ያፋ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ የምንላት፣ ዮናስ ከፈጣሪው ፊት ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረባት ከተማ፣ የተሳላሚዎች መግቢያ ነበረች። የሱዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ከምጽዋ የተሳፈረ ሰው በመርከብ ፖርት ሰይድ ይደርሳል፤ ከዚያ ያፋ። ያፋ ግን በስሟ ልክ ወደብ አልነበረችም። ከፊቷ ቋጥኝ ስላለ መርከቡ ርቆ ይቆማል፤ የአገሩ ጀልበኞች እየጮሁ መጥተው ሰውንም ሻንጣውንም አንድ ላይ ወርውረው ያወርዳሉ። ማዕበል ከሆነ መርከቡ አይጠብቅም፤ ተሳላሚው ቅድስቲቱን ምድር በዓይኑ እያየ ወደ ሌላ ወደብ ይወሰዳል። ከ1892 ጀምሮ ከያፋ ኢየሩሳሌም ባቡር ገባ፤ ብር ያለው በባቡር፣ የሌለው በእግሩ። ዐፄ ዮሐንስ፣ በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎን ሃይማኖት የዳኙት፣ በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን አስጀመሩ፤ በ1893 በምኒልክ ዘመን ተጠናቀቀች። «ኢየሩሳሌም ሳሚ» ሆኖ ወደ መንደሩ የሚመለስ ሰው የዕድሜ ልክ ክብር ነበረው። እስላሙ ወሎዬም በዚያው ዘመን ወደ መካ ሲወርድ የእሱ ባሕር ቀይ ባሕር ነበር፤ ሲመለስ «ሐጂ» ይባላል። ሁለቱም ያዩትን ወደብ ሲተርኩ ያመሹ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ የተቀደሰውን ከተማ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰው የሚጠይቀው ስለ መርከቡ ነው።

ለማየት ተብሎ፣ በግልጽ «ሥልጣኔውን እንየው» ተብሎ የተሄደው በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በሚያዝያ ተነስተው፣ ኢየሩሳሌምንና ግብፅን አይተው፣ በግንቦት ማርሴይ ወረዱ። አንበሶች ለስጦታ ይዘዋል፤ የቬኒሶቹን ነብሮች ያስታውሳል። የጎጃሙን ራስ ኃይሉንና የትግራዩን ራስ ሥዩምን ያስከተሉት ደግሞ ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ባለ ብዙ ጦር መስፍን ከቤት ትቶ መሄድ አይመከርም። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጉዞውን አኳኋን «ደስታና ክብር» በሚል መጽሐፍ ጻፉት። በዚያው ጉዞ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ የንጉሡ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ቤታቸውን ያጡ ልጆች የእኛን ነጋሪት በጡሩምባ ለወጡት። ራስ ተፈሪ ግን ዋናውን የሄዱበትን አላገኙም፤ የጠየቁት የባሕር በር ነበር።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ ዳግመኛ ወደዚያው ባሕር ሲመጡ ጎብኚ አልነበሩም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጣልያንን የገጠመው ጦራቸው ተፈታ። የተፈታው ጦር በራያ በኩል ሲሸሽ ከሰማይ ቦምብና ጋዝ፣ ከምድር ሽፍታ ወረደበት። ንጉሠ ነገሥቱ ከመንገድ ወጥተው ላሊበላ ገብተው ጸለዩ። የጣልያን ጦር ቆቦንና ወልዲያን አልፎ፣ በመርሳ በኩል ወርዶ ሚያዝያ 7 ደሴ ገባ። የደሴው ቤተ መንግሥት ባለቤት የወሎ ገዥ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነበሩ፤ ሚያዝያ 24 አዲስ አበባን ለቅቆ ወደ ጅቡቲ በወረደው ባቡር ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ተሳፈሩ። ኢንተርፕራይዝ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሚያዝያ 30 ሐይፋ አደረሳቸው። ከዚያ በባቡር ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ ሆቴል። ደሴን ሲገዙ የነበሩ ሰው የሆቴል መስኮት ከፍተው ባዕድ ከተማ የሚያዩበት ጧት፤ ያም እይታ ጉብኝት ከተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቭ አቤቱታ ይዘው ሄዱ፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ደጅ ላይ። ለአምስት ዓመት ያህል ተጠበቀ።

ጣልያን በበኩሉ ናፖሊን ከወልዲያ ጋር በአንድ መስመር አገናኘ። ወታደሩ ናፖሊ ይሳፈራል፣ ምጽዋ ይወርዳል፣ ከአስመራ በሚመጣው አዲስ ጎዳና በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልዲያ፣ በመርሳ አድርጎ ደሴና አዲስ አበባ ይደርሳል። ዛሬም አውቶቡሱ የሚሄደው በአብዛኛው በዚያ ጎዳና ፈለግ ነው። ደሴ ላይ ፒያሳ አለ፤ ዳቦ የሚወጣው ከፉርኖ ነው፤ መኪናው ሲሰበር ባሌስትራው ነው። የናፖሊ ወደብ ቃላት ሳይሰናበቱ ቀሩ።

ሌላ ነገርም ተደርጓል። በግንቦት 1940 ናፖሊ ላይ ፋሽስቱ መንግሥት ስለ ቅኝ ግዛቶቹ ታላቅ ኤግዚቢሽን ከፈተ። ጎንደር ያለው የፋሲለደስ መዋኛ በአምሳሉ ተሠራ። «የአገሬው ሰው መንደር» ተብሎ ጎጆ ተቀለሰ፤ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ መጥተው እንዲታዩ ተቀመጡበት። ጎብኚው ማን፣ የሚጎበኘው ማን እንደሆነ እዚህ ተገለበጠ። ከወር በኋላ በሰኔ 10 ጣልያን ጦርነት ገባች፤ ኤግዚቢሽኑ ተዘጋ፤ ባሕሩ ተዘጋ። ሰዎቹ የሚመለሱበት መርከብ አጡ። በዚያው ግቢ፣ በዚያው በሐሰተኛው መንደር፣ ወደ ሦስት ዓመት ተጠበቁ፤ ቦምብ ሲወርድም እዚያው። በ1943 ትሬያ ወደምትባል ተራራማ ከተማ ተዛወሩ። በዚያ መጸው ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ጠፍተው በሳን ቪቺኖ ተራራ ከነበሩት ፋሽስትን ከሚወጉ አርበኞች ጋር ተቀላቀሉ። ለኤግዚቢሽን የመጣ ሰው አርበኛ ሆኖ ጣልያን አገር ጫካ ገባ። የፋሲለደስ መዋኛ አምሳያው ዛሬም ናፖሊ ላይ ቆሟል፤ ከወልዲያ በጎንደር የዞረ መንገደኛ ናፖሊ ቢደርስ «ይህንን የት ነው ያየሁት?» ማለቱ አይቀርም።

ከጦርነቱ በኋላ የእስክንድርያው ደጅ ጥናትም አበቃ። በ1951 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ ተሾሙ፤ በ1959 ፓትርያርክ ሆኑ። ጳጳስ ለማምጣት ባሕር መሻገር ቀረ። ሌላ መሻገር ግን ጀመረ።

በመርሳ፣ በጊራና፣ በውርጌሳ ቤት ብትገቡ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ፎቶ አታጡም። ከሰማኒያዎቹ ወዲህ ሀብሩ «ዓረብ አገር» የሚሄድ ወጣት የበዛበት ወረዳ ነው። ወንዱ በአብዛኛው በጅቡቲ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ። ሴቷ «ኮንትራት» ከሆነ በአውሮፕላን፤ ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት። ቤይሩት ከእነዚህ ሁሉ ትለያለች፤ ሜዲትራኒያን ላይ ያለች ጥንታዊ ወደብ ናትና። ሮማውያን መታጠቢያቸውን የተዉባት፣ በዘመናቸው የሕግ ትምህርት ቤት የነበረባት ከተማ ናት። የሀብሩ ልጅ ግን በቦሌ አድርጋ ስትደርስ ይህን የሚነግራት የለም። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይይዘዋል፤ «ከፋላ» የሚባለው ሥርዓት ነው፤ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራም መለወጥ፣ አገርም መግባት አትችልም። ከፎቅ ቤት በረንዳ ላይ ሆና ልብስ ስታሰጣ ባሕሩን በሩቅ ታያለች። ብዙዎቹ ለዓመታት ያዩት ከዚያ ብቻ ነው።

የእሑድ ዕረፍት ያላት፣ ወይም «ፍሪላንስ» ወጥታ የራሷን ቤት የተከራየች፣ ዶራ ወደሚባለው ሰፈር ትወርዳለች። ዶራ ላይ ሽሮና በርበሬ ይሸጣል፤ እንጀራ ይገኛል፤ ወርቅ ይገዛል፤ ወደ አገር ቤት ብር ይላካል። ከዚያ ኮርኒሹ አለ፤ ባሕሩን ተከትሎ የተዘረጋው መሄጃ። ከጫፉ ራውሼ የሚባሉ ሁለት ቋጥኞች ከውኃ ውስጥ ቆመዋል። ፎቶው የሚነሳው እዚያ ነው። በመርሳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ይኸው ነው፤ መነጽር ያደረገች ልጅ፣ ከኋላዋ ውኃ፣ ከውኃው መሐል ድንጋይ። ቤተሰቡ ለእንግዳ ያሳየዋል። ማዳሟን፣ የማዕድ ቤቱን ወለል፣ የተነጠቀውን ፓስፖርት ያነሳ ፎቶ ግን ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከደቂቃዎች በኋላ ሜዲትራኒያን ውስጥ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ ከመካከላቸው ከሥራ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ወረርሽኙም ሲደረብ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በመኪና አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጣሏቸው። ልጆቹ በእግረኛው መንገድ ላይ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። የጄኖዋው ነፋስ፣ የናፖሊው መርከብ፤ አሁን የአውሮፕላን ትኬት። ሐምሌ 28 በዚያው ክረምት ወደቡ ላይ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የዚያን ዕለት ማታ በሀብሩ መንደሮች ስልክ ሲደወል፣ ሲደወል፣ አልነሳ ሲል የነበረውን ጭንቀት ያየ ያውቀዋል።

ከቤይሩት ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ጢሮስ አለች፤ በዓረብኛ ሱር ይሏታል። የሮማውያን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳና የድል በር ዛሬም አለ፤ ከተማይቱ ከ1984 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ናት። በአክሱም ቤተ መንግሥት ጠጅ ሲያሳልፍ ያደገው ኤዴስዮስ ተመልሶ ያረጀው እዚህ ነው። እዚህም ቤት የሚጠርጉ፣ ሕፃን የሚያሳድጉ፣ አሮጊት የሚያጥቡ ኢትዮጵያውያት አሉ። አሠሪዎቹ ለሽርሽር ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጡ ልጅ ለመጠበቅ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ሕፃኑ አሸዋውን ሲቆፍር እሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃ ውስጥ ታደርጋለች። ስልኳን ታወጣለች፤ ማዳሟ ፊቷን ስታዞር አንድ ታነሳለች። ማታ ወደ መርሳ ትልከዋለች።

«ይኼስ የት ነው?» ትላለች እናቷ።

«ሱር ነው እማ። ባሕር ነው።»

«በላሽ ወይ?»